የአባቴ አውራ ጣት

አባቴ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። የመቀበሪያ ተራ የደረሰው ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። ጎረቤቶች "ቶሎ ደረሳችሁ፣ እድለኞች ናችሁ" አሉን፤ እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ አዳማ ውስጥ ሞቶ በሳምንቱ አፈር የሚለብስ ሰው ጥቂት ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ እድር ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከድስቱ ጋር አንድ ማቆያ አለው። ማቆያው የሰው ቁመት ያለው ነጭ ሳጥን ነው። ሬሳውን አቀዝቅዞ ያቆያል፤ ተራው ሲደርስ "በቅዝቃዜ ቆይቷል" የሚል ማረጋገጫ ሰጥቶ ይከፈታል። ያለዚያ ማረጋገጫ የመቃብሩ ዘበኛ በር አይከፍትም። ልጆች ሳለን አዛውንቶች ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት ይቀበር እንደነበር ሲያወሩ እንደ ተረት ነበር የምንሰማቸው።

አባቴን የገነዙት የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ ሶሊያና ናቸው። የሰፈሩ ወንዶች ሬሳ መንካት ከተዉ ቆይተዋል፤ ወንዱንም ሴቱንም የሚገንዙት እሳቸው ናቸው። አጥበው ከፈኑን ካለበሱት በኋላ እንደ ወጉ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በነጭ ክር አንድ ላይ አሰሩ። "እንግዲህ ያፌት፣ እጅህ ከሥራ አረፈ" አሉት ክሩን ሲቋጥሩ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማልቀስ አልቻልኩም። ለቅሶም ለካ ንጹሕ አየር ይፈልጋል።

አባቴ ያፌት በላይነህ ጡረታ እስኪወጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ግን የሰጠው ለማኅበሩ ነው። ማኅበሩ የምለው የክፍት ሶፍትዌር በጎ ፈቃደኞችን ነው። ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳያዛቸው የምድጃውን፣ የአሳንሰሩን፣ የባጃጁን፣ የልብስ ማጠቢያውንና የማቆያውን ፕሮግራም የሚጽፉልን እነሱ ናቸው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች "ትርፍ የለውም" ብለው ከተዉን ወዲህ የምንኖረው በእነሱ በጎ ፈቃድ ነው። በጎ ፈቃድ ሲባል ሰው ደግ ነገር ብቻ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ዓመት የተጣሉት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ፕሮግራም እንዴት ታሽጎ ለሰው ይድረስ? አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ እሽግ ይዞ ይምጣ ይላል፤ መንገደኛ ስንቁንም ውሃውንም ጨውንም በራሱ አገልግል ቋጥሮ እንደሚወጣው። ሌላው ወገን ደግሞ የለም፣ ለሁሉም የሚያገለግለው ክፍል በአንድ የጋራ ቋት ይቀመጥና ፕሮግራሞች ከዚያ እየተዋሱ ይሥሩ ባይ ነው። ለራሳቸው ያወጡት ረጃጅም ስም አላቸው። ሕዝቡ ግን የገበያ ስም ሰጥቶ ጅምላና ችርቻሮ አላቸው፤ እሱው ጸደቀ።

አባቴ ችርቻሮ ነበር፤ ያውም ከአውራዎቹ። "በሰፈሩ ላለው ድስት ሁሉ የየራሱ የጨው ጆንያ ምን ይሠራለታል?" ይል ነበር። የጅምላው አለቃ ማክቤል ደግሞ፣ አንድ ክፍል የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው፣ "የጋራው ጨው የረጠበ ቀን የሰፈሩ ወጥ ሁሉ ተበላሸ" ይለው ነበር። መጀመሪያ ላይ እየተሳሳቁ ነበር የሚባባሉት። በኋላ መሳሳቁ ቀረና ጨውና ጆንያው ብቻ ቀረ።

እኛም ኑሯችን በዚህ ተከፋፈለ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ከመጠየቁ በፊት ምድጃ ይጠየቃል፤ የጅምላ ምድጃና የችርቻሮ በር በአንድ ቤት ውስጥ ስለማይግባቡ ጣጣው ብዙ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ በሩ ላይ "ክፍል ጠፍቷል" የሚል ጽሑፍ ብናይ አንገረምም። የማናውቀው አንድ ሰው የማናውቀው ቦታ ተቆጥቶ የጻፈውን ከቋቱ አውጥቷል ማለት ነው። እስኪታረቁት ብስኩት እንበላለን። እኔ የምሠራበት ላውንደሪ ሁለት ማሽን አለው፤ አንዱ ጅምላ፣ ሌላው ችርቻሮ። አንዱ ሲያኮርፍ በሌላው እናጥባለን።

ቅዳሜ ጠዋት የማቆያው ድምፅ ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ሐሙስና ዓርብ ሙሉ ሲያጉረመርም ስለነበር ዝም ሲል ሰው ሁሉ ቀና አለ። ክዳኑ ላይ "የሙቀት መለኪያው ክፍል ባለቤት የለውም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ቀጥሎ መቆለፊያው ቀጭ ሲል ሰማን።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ማቆያዎቹ የሚጠቀሙበትን የሙቀት መለኪያ የጻፈው አባቴ ነበር። እድሩ መሞቱን አስመዘገበ። ቋቱ ደግሞ ባለቤቱ የሞተበትን ክፍል፣ አሳዳጊ እስኪሰየምለት፣ ለማንም አያውስም። ሙቀት መለካት ያቃተው ማቆያ ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ ማቀዝቀዙን ያቆመ ማቆያ ለወረርሽኝ ጥንቃቄ ሲባል ይቆለፋል። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲያዩት ልክ ነው። አባቴ በመሞቱ አባቴን የሚያቀዘቅዘው ነገር ቆመ ማለት ነው። በከተማው ያሉ የችርቻሮ ማቆያዎች ሁሉ በዚያው ጠዋት ዝም ብለዋል።

"አሳዳጊ ይሰየምለታ!" አሉ እትዬ ሶሊያና። "የሙት ልጅ ሜዳ ላይ አይጣልም።"

"ይሰየማል፣ እትዬ" አለ ኢዮስያስ። ኢዮስያስ በችርቻሮው ወገን ከአባቴ ቀጥሎ የሚሰማ ሰው ነው፤ ከሞቱ ዕለት ጀምሮ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከድንኳኑ አልጠፋም። "ይሰየማል፤ ግን ከአርባው በኋላ ነው።"

"ከምኑ?"

"ከአርባው። ከማኅበሩ አንጋፎች አንዱ ሲያርፍ ለክብሩ ሲባል እስከ አርባው ድረስ ቋቱ አይነካም። አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ደንቡን ያረቀቁት ደግሞ ጋሽ ያፌት ራሳቸው ናቸው፤ ጓደኛቸው የሞተ ጊዜ።" ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነተኛ እንባ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቀፈኝ እሱ ነው።

"ኢዮስያስ፣" አልኩት፣ "አባቴ እኮ እዚያ ውስጥ ነው። ውጭው እንዴት እንደሚያቃጥል አታይም?"

"ውዴ፣ ይገባኛል። ማኅበሩ በሙሉ ከጎንሽ ነው።"

ስሜ ውዳላት ነው። ውዴ የሚለኝ አባቴ ብቻ ነበር።

ሽታው መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከልክ በላይ የበሰለ ፓፓያ ይመስላል። እሑድ ጠዋት ለቀስተኞቹ ምንም እንዳልሸተታቸው ሆነው ወንበራቸውን በትንሽ በትንሹ እያንፏቀቁ ከሳጥኑ ይርቁ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የድንኳኑ ግማሽ ባዶ ነበር፤ በሌላው ግማሽ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። የቀረበው ንፍሮ እንዳለ ተመለሰ። ዝንቡ ግን አልተመለሰም። ሰኞ ጠዋት ከሳጥኑ ሥር ቡናማ እርጥበት ወጣ። እትዬ ሶሊያና ልክ ወጥ እንደፈሰሰ ሁሉ፣ አመድ ነሰነሱበት።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ገና መልክ እያለው እንዲቀበር። ሌላ ምንም አልለመንኩም። ሳጥኑን በብረት እንቅደደው ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ማረጋገጫ ያልሰጠ ማቆያ ከተሰበረ መቃብሩ አይቀበለንም፤ ተራችንም ያልፋል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚደርስ እግዚአብሔር ይወቅ። እንዲህ እየፈራን ጠበቅን።

እድሩ መፍትሔ ሲመጣ ቶሎ እንድናይ ብሎ የማኅበሩን የውይይት መድረክ የሚያሳይ ስክሪን ከድንኳኑ መግቢያ ሰቅሎ ነበር። ሐዘን ላይ ተቀምጬ የማነበው እሱን ሆነ። የሚጽፉት ሁሉ ጨዋዎች ናቸው። እያንዳንዱ "ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ" ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ "ይሁን እንጂ" ይላል። ከይሁን እንጂ ወዲያ ያለው ስለ አባቴ አይደለም። አንዱ ይህ አደጋ የጅምላን ትክክለኛነት ያስመሰከረ ነው ይላል። ሌላው የለም፣ የአሳዳጊውን ሕግ ሲያጓትቱ የኖሩት ጅምላዎች ናቸው ብሎ ይመልስለታል። አንዱ ሬሳ በየትኛው የሙቀት መጠን ምን ያህል ሲቆይ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚበላሽ የሚያሳይ ሥዕል በቀለም አሳምሮ አቀረበ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አመሰገነው። አንዲት ሴት "ቤተሰቡ እኮ ያነባል" ብላ ጻፈች። ከርዕስ ወጥተሻል አሏት።

ማክቤል ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ያልኩት ሰው ነው፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ፣ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ "ያፌት፣ ወንድሜ" እያለ ትንሽ አለቀሰና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ልጄ፣ እኛ ከዚህ ነገር በአንድ ሰዓት እንገላግልሻለን" አለኝ። "ማቆያውን ወደ ሙሉ እሽግ እናዛውረዋለን። መለኪያውን እዚያው ውስጥ አድርገን እናሽገዋለን፤ ከቋት መለመን ቀረ ማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ጋሼ?"

"መለኪያው የአባትሽ ነዋ። የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።"

"ልጁ ነኝ፤ እኔ ፈቅጃለሁ።"

"በውርስ አይተላለፍም፣ የእኔ ልጅ። የሚያጸድቀው የራሱ ማኅተም ብቻ ነው።"

"ማኅተሙስ የት ነው ያለው?"

ማክቤል ሳጥኑን አየት አደረገ።

ኢዮስያስ ከኋላችን ሆኖ ይሰማ ኖሯል። "ጋሽ ማክቤል፣ ያሳፍራል!" አለ። "ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን የታገሉለትን ነገር በለቅሶ ቤት ሊነጥቁ ነው የመጡት?"

"እኔ ሬሳ ላድን ነው የመጣሁት። የገደለው የእናንተ ቋት ነው።"

"የሞቱት እኮ በልባቸው ነው!"

"ሳጥኑን ማለቴ ነው።"

ሁለቱም ቆመው ይህን ሲነጋገሩ በመካከላቸው ሳጥኑ ነበር፤ ክርናቸውን ተደግፈውበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ቢያንስ ዝንብ ሲያርፍበት ዝም ይላል።

አባቴም በዚያን ጊዜ ከእነሱ ተለይቶ አልታየኝም፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። ስንት የበዓል ቀን ገበታ ቀርቦ ሳለ አንድ ሰው መድረኩ ላይ ስለ ቋቱ የጻፈው ነገር ከንክኖት ተነስቶ ሲሄድ አይቻለሁ። አሁን የእሱ ብሽቀት ተመልሶ እሱን እየበላው ነው ብዬ አሰብኩ። ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ። ተነስቼ ሄድኩና ሳጥኑ ሥር አዲስ አመድ ነሰነስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ አብረው መጡ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ማክቤልና ኢዮስያስ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ሰው በከተማው አልነበረም። ኢዮስያስ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ይዟል፤ ማክቤል ገመዱን ሰብስቦ ይከተለዋል።

"ሳጥኑ ይቆረጥ" አለ ማክቤል። "ሁለታችንም ተስማምተናል። ከመቃብሩ ሰዎች ጋር እኛ እንነጋገርላችኋለን።"

"የሰው ነፍስ ከክርክር ይበልጣል" አለ ኢዮስያስ።

እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጎንበስ ብዬ የማክቤልን ጉልበት ሳምኩ።

መቁረጫው ጮኸ፤ ብልጭታው ምንጣፉ ላይ ተረጨ። ክዳኑ ሲነሳ የወጣውን ነገር ሽታ ልለው አልችልም፤ ክብደት ነበረው፤ ገፈተረን። ለቀስተኛው እየተጋፋ ወጣ። አንድ ሰው በር ላይ ባለው የእድሩ ትልቅ ድስት ውስጥ አስመለሰ፤ ሌላው አይቶት ደገመ። እኔ የላንቃዬ ጣዕም ሳይቀር ተለወጠ፤ ምራቄን መዋጥ ፈርቼ ነጠላዬ ላይ ተፋሁት። እትዬ ሶሊያና ብቻ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ቆመው ነበር።

ፊቱን አየሁት። እሱን አልጽፈውም። ከፈኑ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። እጆቹ ደረቱ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አውራ ጣቶቹ እንደታሰሩ ናቸው፤ ክሩ ያበጠው ሥጋ ውስጥ ሰምጦ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ሰው ሁሉ ሲሸሽ ሁለቱ ቀረቡ። ለቅጽበት ፍቅር መሰለኝ። ሁለቱም ከኪሳቸው መዳፍ የምታክል ጥቁር መስታወት አወጡ።

"ውዴ፣" አለ ኢዮስያስ በመሀረቡ ውስጥ፣ "ክሩን ትንሽ ላላ ብናደርገው።"

"ምን ልትሆኑ?"

"ቀኝ አውራ ጣታቸውን ነው። የጋሽ ያፌት ማኅተም የእሱ አሻራ ነው። እዚህ ላይ አንዴ ብቻ ይረፍ፤ በራሳቸው ማኅተም ከሆነ አርባውም አይጠበቅም።"

"ዛሬ ካልሆነ አይሆንም" አለ ማክቤል። "ነገ ቆዳው ይለቃል፤ አይነበብም።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ስንለምናቸው ደንብ ሲቆጥሩልን የነበሩት ሰዎች ማክሰኞ ግራይንደር ይዘው የመጡት ያን በቀለም ያማረ ሥዕል አይተው ነው። ሥዕሉ ጣቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነግሯቸዋል።

"እኔ የቋጠርኩትን ክር ማን ነው የሚፈታው?" አሉ እትዬ ሶሊያና። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"እትዬ፣" አለ ማክቤል፣ "በየእድሩ የሌላም ሰው ሬሳ ተቆልፎ እየጠበቀ ነው። እናት አለች፣ ሕፃን አለ። ይህቺ ጣት አንዴ ብታርፍ ሁሉም ዛሬውኑ ይከፈታል። እስቲ ለእነሱ እዘኑ።"

እዚህ ላይ አሸነፈኝ። የሌሎቹም ድንኳን እንደ እኛው ነው፤ የእነሱም ሳጥን ሥር አመድ ተነስንሷል። ሳልወድ እጄን ወደ ክሩ ሰደድኩ።

"እሺ" አልኩ። "እኔ ራሴ እፈታዋለሁ። ጣቱን ግን በሁለታችሁም ላይ ነው የማሳርፈው። ሁለታችሁም ሂዱና ሥሩ፤ የቀደመው ሰዎቹን ይክፈትላቸው።"

ሁለቱም መስታወታቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ዝንቡ ይሰማ ነበር።

"በሁለት ላይ ካረፈ ዋጋ የለውም" አለ ኢዮስያስ። "አንድ ክፍል ሁለት ባለቤት አይኖረውም።"

"እንግዲያው በአንዱ ላይ ተስማሙ።"

"በእሽጉ ከሆነ እኔ ምንም ተቃውሞ የለኝም" አለ ማክቤል።

"በቋቱ ከሆነ እንጂ! ሰውዬው የምን ሰው እንደነበሩ ይረሳል እንዴ?"

"እሱ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ሐሳቡን ይቀይር ነበር። ይህን አይቶ?"

"ይህን አይተው!" አለ ኢዮስያስ፣ በእጁ አባቴን እያሳየ።

ጀመሩት። መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ አንዳንዴ ለመናገር እያነሱት፣ የአባቴ ሬሳ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የትኛው መንገድ ለሕዝብ እንደሚበጅ ተከራከሩ። ኢዮስያስ ነገሩን ሲያስረዳ ክንዱን የሳጥኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ የጥቁር ልብሱ እጅጌ ከውስጥ የቆመውን ውሃ ሲጠጣ አየሁ። እሱ አላየውም። ቢያየውም የሚያቆም አይመስለኝም።

"ከአባቴ ላይ ተነሱ" አልኩ።

አልሰሙኝም። ነጠላዬን አውልቄ እጆቹን ሸፈንኩና ሁለት መዳፌን ከላይ ጫንኩበት። ከሥሩ የሆነ ነገር ለስልሶ ሸሸኝ። "ከአባቴ ላይ ተነሱ! ውጡልኝ!" ብዬ ጮኽኩ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እትዬ ሶሊያና ወለሉ የታጠበበትን ባልዲ አንስተው ሁለቱም እግር ላይ ደፉት። እሱ ነው ያስወጣቸው። እየተከራከሩ ነበር የወጡት።

ተራ ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ተሸክመነው ሄድን፤ ከእድሩ አፍንጫቸውን አስረው የቀሩ ጥቂት ሰዎች አገዙን። የመቃብሩ ዘበኛ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ማረጋገጫ?" አለ። እኛ መልስ ሳንሰጥ ነፋሱ ደረሰለት። "ግቡ፣ ግቡ፣ ግቡ!" አለና መስኮቱን ዘጋ። ያ ሁሉ ደንብ ለካ አንድ ሽታ አይችልም ነበር። ቄሱ ፍትሐቱን ራቅ ብለው አደረሱለት። አባቴ ክሩ እንደታሰረ ገባ። መልኩን ግን ቀምተውታል።

ግራይንደሩን የጠየቀን ሰው የለም። እትዬ ሶሊያና ወስደው ወደሚቀጥለው እድር ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ሌላው። በዚያ ሳምንት ከተማው ማቆያዎቹን እየቀደደ ሙታኑን ቀበረ። መድረኩ ላይ የንብረት ውድመቱን የሚያወግዝ ረጅም ጽሑፍ ወጣ። ነፍስ ይማር ብሎ ነበር የሚጀምረው።

በአርባው ዕለት ማታ ማኅበሩ አዳራሽ ተከራይቶ መታሰቢያ አዘጋጀ። እትዬ ሶሊያና "ሂጂ፣ ሰው ምን ይላል" ስላሉኝ ሄድኩ። ጅምላው በአንድ ወገን፣ ችርቻሮው በሌላው ተቀምጧል። ምግቡም በሁለት ረድፍ ነው የቀረበው። የአባቴ ፎቶ መሐል ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በወጣትነቱ፣ እየሳቀ።

ኢዮስያስ ሳህን ይዞልኝ መጣ። ፊቱ በርቷል። "የአርባው እገዳ ዛሬ ጠዋት ተነሳ" አለኝ። "ደስ የሚል ዜና አለኝ። መለኪያውን እንደ አዲስ ጻፍነው። ሐሳቡን ቀደም ብለን ጨርሰን ስለነበር ከምሳ በኋላ ተቀምጠን ለመክሰስ ደረስን። ጅምላዎቹም የራሳቸውን ጽፈዋል።"

"ከባድ አልነበረም?"

"ኧረ ቀላል ነው! ጋሽ ያፌት አጭር ነገር ነበር የሚወዱት።"

ሳህኑን ተቀበልኩት። "ያን ቅዳሜ ሳጥኑ ሲቆምም እንዲህ መጻፍ ይቻል ነበር?"

ጥያቄውን እንደ ጥሩ ጥያቄ አሰበበት። "ይቻል ነበር" አለ። "ግን ያኔ የእሳቸው አይሆንማ። ማንኛችን የእሳቸው ወራሽ እንደሆንን ሳይለይ ይቀር ነበር። አሁንም አልለየም፤ ቢሆንም ሁለታችንም አዲሱን እትም በስማቸው ሰይመነዋል።" ፈገግ አለ። "ያፌት ይባላል። የእነሱም፣ የእኛም።"

ሳህኑን የአባቴ ፎቶ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። 

ወደ ሥራ ተመለስኩ። አንድ ጠዋት ላውንደሪውን ስከፍት ሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ጠበቀኝ፤ "ያፌት መጥቷል። ይጫን?" ይላል። ከሥሩ አዎ አለ፣ አይ አለ። ጣቴን አንስቼ ቆምኩ። የሰውን ጣት እንዴት እንደሚፈልጉት ስለማውቅ መልሼ አወረድኩት።

የዕለቱን ልብስ ከከረጢቱ መለየት ያዝኩ። ከመሐሉ ጥቁር ሙሉ ልብስ ወጣ፤ በአልጋ ልብስና በትምህርት ቤት ዩኒፎርም መካከል ተጠቅልሎ። ካርዱ ላይ የኢዮስያስ ስም አለ፤ ከሥሩም "ግራ እጅጌው ላይ ሽታ አለ፤ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም፤ እባካችሁ" የሚል። የት እንደምሠራ ጠይቆኝ አያውቅም።

እጅጌውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። አባቴ ነበር። እጄ ልብሱን አልለቀቀም። እዚያው ማሽኖቹ መሐል፣ የዚያን ሰው እጅጌ ይዤ፣ ከሐሙስ ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ ልብሱን እንደመጣ አጣጥፌ ከረጢቱ ውስጥ መለስኩት። ካርዱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ በትልቁ "አይለቅም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለቱንም ማሽኖች ከሶኬት ነቅዬ ለዩኒፎርሞቹ ሳፋ አወጣሁ።